ሃምሳ ያልሞላላቸው፦ የፈተናው ቁጥርና የማይነገረው ስህተቱ

ጥቅምት 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የ2013ቱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲጀመር የውጫሌ ተማሪ የሚፈተንበት ክፍል አልነበረውም። የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ውጫሌ ከሐይቅ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ላይ ናት፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ያ አስፋልት የጦር መንገድ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብተዋል፣ ሕዝቡ ተሰዷል፣ በወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል። ኅዳር ማለቂያ ላይ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ያሉት ከተሞች ተራ በተራ ሲለቀቁ፣ ጦርነቱ ካስቀራቸው ተማሪዎች ብዙዎቹ በሁለተኛ ዙር ጥር ላይ ተፈተኑ። የትግራይ ተማሪዎች ከዚህም በላይ ዓመታት ጠብቀዋል። የጥቅምቱና የጥሩ ፈተና ስማቸው አንድ ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ሁለቱም የሚያስገቡት ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ውጫሌ ሲባል አንባቢ ወደ 1881ዱ ውል መሮጡ አይቀርም። እኔ ግን ዛሬ ወደዚያ አልሄድም፤ ከተማዋ ሌላም የምታስጠይቀው ነገር አላት።

ውጤቱ ሲወጣ ቅሬታው ከየአቅጣጫው ጎረፈ፤ የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮም ቅሬታውን በይፋ አሰማ። ክርክሩ ግን ከሁለት ነገር አልወጣም፦ ፈተናው ተሰርቋል፣ እኛ ተበድለናል። የሥነ ልቦና ልኬት ባለሙያ አስቀድሞ የሚያነሳውን ጥያቄ ያነሳ ሰው በአደባባይ ብዙም አልተሰማም። በጥቅምቱ ወረቀት 50 ያመጣና በጥሩ ወረቀት 50 ያመጣ ተማሪ እኩል ያውቃሉ ወይ? ይህን በምን አወቅን? ሌላው ቀርቶ ያው ተማሪ ያንኑ ዓይነት ፈተና በሳምንቱ ቢቀመጥ ያንኑ 50 ይደግመዋል ወይ?

ስለ ስርቆቱ ያለው ጭንቀት መሠረት ነበረው። ግንቦት 2008 ላይ የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ተዘርግቶ ፈተናው በሙሉ ተሰርዟል፤ ተማሪዎች ሌላ ወረቀት የተቀመጡት ከሳምንታት በኋላ ነው። በ2011 የአንዳንድ ትምህርቶች ውጤት ከተለመደው ውጪ በማሻቀቡ ዩኒቨርሲቲ ለመመደብ የአራት ትምህርቶች ውጤት ብቻ እንዲያዝ ተወሰነ። በ2013ቱ ፈተናም የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ውጤት ከድምሩ ወጣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የሚመራው ትምህርት ሚኒስቴር ቆራጥ እርምጃ ወሰደ። የ2014ቱ ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ፣ በ2015 መግቢያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ተማሪው ከቤቱ ርቆ በዶርም አድሮ ተፈተነ፤ ስልክ ተከለከለ። ማለፊያውም ከመቶ 50 ላይ ተቆረጠ።

ጥር 2015 ላይ የተነገረው ቁጥር አገር አስደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017ቱ ፈተና ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ መራራ ቢሆንም ብዙ ሰው «ይሄኛው እውነት ነው» ብሎ ተቀበለው። ስርቆት ቀርቷል፣ እንግዲህ የቀረው ንጹሕ እውቀት ነው የሚል እምነት ነገሠ።

ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ያንን እምነት ነው። ኩረጃና ስርቆት ውጤትን ከሚያዛቡ ነገሮች መካከል ጎልተው የሚታዩት እንጂ ብቸኞቹ አይደሉም። እነሱ ሲወገዱ ሌላው ስህተት ባለበት ይቆያል፤ እንዲያውም ስለ ቁጥሩ ያለን ጥርጣሬ ስለሚቀንስ የበለጠ ይደበቃል።

ነገሩ የጀመረው ከትምህርት ቤት ርቆ፣ ኮከብ ከሚቆጥሩ ሰዎች ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1796 የእንግሊዝ ንጉሣዊ ኮከብ ማጥኛ ኃላፊ ኔቪል ማስክላይን ረዳቱን ዴቪድ ኪኔብሩክን ከሥራ አሰናበተው። ጥፋቱ አንድ ኮከብ በመነጽሩ ውስጥ ካለው ክር ላይ ያለፈበትን ቅጽበት ከአለቃው ወደ 0.8 ሰከንድ አዘግይቶ መመዝገቡ ነበር። ከዓመታት በኋላ ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ቤሰል ጉዳዩን አንሥቶ የታወቁ ተመልካቾችን እርስ በርስ ሲያነጻጽር፣ ሁሉም የየራሳቸው መዘግየት ወይም መቅደም እንዳላቸው አገኘ። ኪኔብሩክ የተባረረው ሰው ሁሉ ባለው ጉድለት ነው፤ አለቃው የራሱን አልለካም ነበር።

ከኮከብ ወደ ፈተና ያሻገረው ፍራንሲስ ኤጅወርዝ የተባለ የምጣኔ ሀብትና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888፣ ማለትም የውጫሌው ውል ከመፈረሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ስለ ፈተናዎች ስታቲስቲክስ ባወጣው ጥናት መምህር የሚሰጠው ማርክ እንደ ማንኛውም ምልከታ ስህተት ያዘለ መሆኑን አሳየ። በውድድር ፈተና ከመቁረጫው መስመር አጠገብ ያሉት ተወዳዳሪዎች ማን ገባ ማን ቀረ የሚለው በከፊል ዕጣ መሆኑንም አስላ። እ.ኤ.አ. በ1904 የቀድሞ የጦር መኮንን የነበረው ቻርልስ ስፒርማን ሐሳቡን በሒሳብ አጸናው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦናና የትምህርት ክፍሎች የሚማሩት መሠረተ ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው፦ የምናየው ውጤት የተማሪው እውነተኛ ውጤትና የስህተት ድምር ነው። እውነተኛው ውጤት የሚባለው ተማሪው ያንን ዓይነት ፈተና ሳይደክምና ሳይለምድ እልፍ ጊዜ ቢቀመጥ የሚያመጣው አማካይ ነው። ማንም አይቶት አያውቅም፤ የሚገመት ብቻ ነው።

ስህተቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለይቶ ማየት ግድ ይላል። በእህል ገበያ ሁለት መጥፎ ሚዛኖች አሉ። አንደኛው ያንኑ ቁና ጤፍ ደጋግመህ ብታስቀምጥበት አንዴ ጨምሮ አንዴ ቀንሶ ያሳይሃል፤ ሁለተኛው ምንጊዜም ግማሽ ኪሎ ይሰርቅሃል። የመጀመሪያው በደጋጋሚ ገዢ ላይ ሲውል ሲያድር ይቻቻላል። ሁለተኛው አይቻቻልም፤ ደጋግመህ በመዘንህ ቁጥር ያንኑ ውሸት በእርግጠኝነት ይነግርሃል። ሙያው የመጀመሪያውን ችግር በአስተማማኝነት፣ ሁለተኛውን በአብዛኛው በተገቢነት ስም ያጠናዋል። የውጫሌ ተማሪ ሁለቱም አሉበት።

ከሚዋልለው ስህተት እንጀምር። ፈተናው በሰባት ትምህርት ከ700 የሚታሰብ ነበር እንበል፤ የ2014ቱ እንዲያ ነበር። ማለፊያው 350 ነው። በአንድ ትምህርት ውጤት ላይ ያለው ስህተት በአማካይ ወደ አምስት ነጥብ ገደማ ቢሆን (ይህ የእኔ ምሳሌ ነው፣ በደንብ ለተዘጋጀ ፈተና ብዙ የሚባል አይደለም)፣ በሰባቱ ድምር ላይ ስህተቱ ወደ 13 ነጥብ ይደርሳል። ሰባት ጊዜ አምስት 35 የማይሆነው ስህተቶቹ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ስለሚጎትቱ ነው። እንግዲህ 345 ያመጣች ልጅ እውነተኛ ውጤቷ ከ332 እስከ 358 ባለው ውስጥ መሆኑ የሚጠበቅ ነው፤ ከዚያ ክልል ውጪም ሊሆን ይችላል። 355 ያመጣው የክፍል ጓደኛዋም እንዲሁ። የሁለቱ ክልል አብዛኛው አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ነው። እሷ ግን «ወድቃለች»፣ እሱ «አልፏል»። ሰፈሩም፣ ዘመዱም፣ ራሷም የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

ትምህርት ሲቀነስ ስህተቱ ምን ይሆናል? ስፒርማንና ዊሊያም ብራውን እ.ኤ.አ. በ1910 ለየብቻ ያወጡት ቀመር ይመልሳል። ከዜሮ እስከ አንድ በሚለካው የአስተማማኝነት መስፈርት የሰባት ትምህርት ድምር 0.90 ቢኖረው፣ ከሰባቱ አራቱ ብቻ ሲያዙ ወደ 0.84 ይወርዳል። በ2011 አራት ትምህርት ብቻ መያዙ የተሰረቀውን ለመጣል የተወሰደ እርምጃ ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ዋጋው ግን ሚዛኑ የበለጠ እንዲዋልል ማድረግ ነበር፤ ከመስመሩ አጠገብ የነበሩት ተማሪዎች ያንን ዋጋ ሳይነገራቸው ከፍለዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን የውጤቱ ወለል ጋ ነው። ማለፊያው 50 ከሆነ ወዲህ በወጡት የመጀመሪያ ዓመታት ውጤቶች የአገሪቱ አማካይ ከመቶ 30 አልደረሰም። አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ ላይ ጥያቄውን ሳያነብ ያጠቆረ ሰው በአማካይ 25 ያመጣል። ይህን ያልተረዳ ሰው 29ን «ከመቶ 29ኙን ያውቃል» ብሎ ያነበዋል። ሒሳቡ የሚለው ሌላ ነው። መቶ ጥያቄ በጭፍን የሚያጠቁሩ ተማሪዎች ከአስሩ ሦስቱ ገደማ ወይ ከ21 በታች ወይ ከ29 በላይ ያመጣሉ። ምንም የማያውቁ ሁለት ልጆች አንዱ 20፣ ሌላው 31 ቢያመጡ የሚያስገርም አይደለም። በዚህ ሠፈር ያለው የውጤት ልዩነት በአብዛኛው የእድል ልዩነት ነው።

አንድ ነገር ላክል፤ አስተማማኝነት የወረቀቱ ባሕርይ ብቻ አይደለም፣ የተፈታኙም ጭምር ነው። በዕውቀት የተራራቁ ልጆችን የሚለይ ፈተና፣ ሁሉም ወለሉ ላይ በተከማቹበት ክፍል ውስጥ መለየት ያቅተዋል። አዲስ አበባ ባለ ጥሩ ትምህርት ቤት ውስጥ ጎበዝና ሰነፉን ለይቶ የሚያወጣው ወረቀት፣ መምህር በተሰደደበትና መጽሐፍ በተቃጠለበት ወረዳ የሚያወጣው ቁጥር ብዙ ትርጉም ላይኖረው ይችላል። ቁጥሩ የሚታተመው ግን በሁለቱም ቦታ በዚያው ካርድ፣ በዚያው ቀለም ነው።

ቀደም ሲል የመቁረጫ ነጥብ በየዓመቱ ይለዋወጥ ነበር። መንግሥት በዩኒቨርሲቲዎች ያለውን ቦታ አይቶ ከላይ ወደ ታች ይቆጥርና ቦታው የሚያልቅበት ላይ ያቆማል። ያ አሠራር ብዙ የሚወቀስበት አለው፤ አንድ ጥቅም ግን ነበረው። ሁሉም አንድ ወረቀት ከተፈተነ ፈተናው ቢከብድም ቢቀልም ተራው አይለወጥም። ቋሚው 50 ሲመጣ ይህ ተገለበጠ። አሁን ፈተና አውጪው ጥቂት ጥያቄዎችን ትንሽ ቢያከብድ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ከመስመሩ በታች ይወርዳሉ፤ ቢያቀል ይወጣሉ። 3.3 ወደ 8.4 ሲያድግ ትምህርት ተሻሽሎ ነው ወይስ ፈተናው ቀልሎ? በዚያው ጊዜ የተፈታኙ ብዛት ከ896 ሺህ ወደ 586 ሺህ ገደማ ወርዷል፤ በአማራ ክልል ከ2015 ማብቂያ በተነሣው ግጭት ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች ከነጭራሹ አልተፈተኑም። ከተፈታኙ ዝርዝር ማን እንደቀረ ሳይታወቅ በመቶኛው ማደግ መደሰትም ማዘንም ያስቸግራል። ከ2016 ወዲህ ከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መፈተኑ ሌላ ጥያቄ ይጨምርበታል፤ መዳፊት ይዞ ያደገና ያልያዘ በአንድ ስክሪን ፊት እኩል አይቀመጡም።

የተለያዩ ወረቀቶችን ማመጣጠን የሚባል ሥራ ያለው ለዚህ ነው። የታወቀው ዘዴ በሁለቱም ወረቀቶች ውስጥ የተወሰኑ የጋራ ጥያቄዎችን ማስገባት ነው። የጥቅምቶቹም የጥሮቹም ተፈታኞች እነዚያን የጋራ ጥያቄዎች እንዴት እንደሠሩ ይታይና፣ ቀሪው ልዩነት የልጆቹ ነው ወይስ የወረቀቱ የሚለው ይለያል። እኛ ጋ ግን እዚህ ላይ ስርቆት ተመልሶ ይመጣል። የተፈተነ ወረቀት በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ከዓመት ዓመት የቆየ ማትሪክ እየሠሩ መዘጋጀት የትውልድ ልማድ ሆኗል። በጥቅምት የወጣ ጥያቄ ጥር ላይ ቢደገም የጥሩ ተፈታኝ መልሱን አስቀድሞ ያውቃል፤ ማመጣጠኑም ይበላሻል። ሌላው መንገድ ሁለቱንም ወረቀት አስቀድሞ ለትንሽ ናሙና በምሥጢር መፈተን ነው፤ ይህም ጊዜና መተማመን ይጠይቃል፤ በጦርነት መሐል ሁለቱም አይገኙም። ስለዚህ በ2014 የጥሩን ወረቀት ያዘጋጁትን ሰዎች ለመውቀስ አልቸኩልም። የምወቅሰው ሁለቱ ውጤቶች ያለ ምንም ማብራሪያ አንድ ዓይነት ቁጥር ሆነው መውጣታቸውን ነው። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት «እነዚህን ሁለት ወረቀቶች እንዲህ አድርገን አመጣጥነናል» ወይም «አላመጣጠንም» የሚል አንድ ገጽ ቢያወጣ ኖሮ፣ የክልሉም ቅሬታ ከስሜት ወጥቶ ወደ ቁጥር ይወርድ ነበር።

ከተፈታኙ ወደ ትምህርት ቤቱ ስንሻገር ስህተቱ ሌላ መልክ ይይዛል። በ2014ቱ ፈተና 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም መባሉ ይታወሳል። በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ ወደ 1,328 ከፍ አለ። ወሬው እነዚህን ትምህርት ቤቶች በአንድ ቅርጫት ጨመራቸው፤ «ዜሮ ያስመዘገቡ» ተባሉ፤ መምህራኑ በየስብሰባው አንገታቸውን ደፉ። እስቲ ግን ከአገሪቱ አማካይ ምንም ያላነሰ፣ ሠላሳ ተፈታኝ ያለው አንድ የገጠር ትምህርት ቤት እናስብ። እያንዳንዱ ልጅ የማለፍ ዕድሉ 3.3 በመቶ ከሆነ፣ ሠላሳዎቹም የመውደቃቸው ዕድል ወደ 37 በመቶ ይጠጋል። ከእንዲህ ዓይነት ሦስት ትምህርት ቤቶች አንዱ ከሌላው ምንም ሳያንስ በዕድል ብቻ ዜሮ ያስመዘግባል ማለት ነው። መቶ ተፈታኝ ቢኖረው ግን ዕድሉ ወደ 3.5 በመቶ ይወርድ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች ውጤታቸው ስለሚመሳሰል የእውነተኛው ዓለም ሒሳብ ከዚህ ይወሳሰባል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ትንሽ ትምህርት ቤት በዝርዝሩ መጨረሻ የመገኘት ዕድሉ ትልቅ ነው፤ የተሻለ ዕጣ በወጣለት ዓመትም በዝርዝሩ አናት ሊገኝ ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት ከዜሮ ወደ ሁለት ያደገውን ትምህርት ቤት ለተሞክሮ ልውውጥ የሚጋብዝ ኃላፊ ዕጣን እየሸለመ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሚዛን። አንድ የፊዚክስ ጥያቄ የሚለካው ፊዚክስን ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ጥያቄው ከፊዚክስ በፊት ንባብን ይለካል። የኒውተንን ሕግ በአማርኛ አጥርታ የምታስረዳ ልጅ በአንድ ያልለመደችው የእንግሊዝኛ ግሥ ልትሰናከል ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገሪቱ በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር፤ ያም በአፍ መፍቻቸው ቋንቋ ነው። ከዚያ ትውልድ ብዙዎቹ ከዐሥር ዓመት በኋላ 12ኛ ክፍል ሲደርሱ የተቀመጡት ይህንን ፈተና ነው። አፕቲትዩድ የሚባለው ወረቀት ደግሞ የተማሩትን ሳይሆን የማሰብ ችሎታን ይለካል ተብሎ የገባ ነው፤ እሱም ግን በእንግሊዝኛ ምንባብ ላይ ሲንጠለጠል የሚለየው አስተዋይን ነው ወይስ የግል ትምህርት ቤት የተማረን? ከኢኮኖሚ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ «ችሎታ» በየአገሩ የሥነ ልቦና ፈተናዎችን ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው፤ አልፍሬድ ቢኔ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1905 ከሲሞን ጋር የሠራው ፈተና የልጅን የተፈጥሮ ጣሪያ እንዲያሳይ ሳይሆን ድጋፍ የሚያስፈልገውን ልጅ እንዲለይ ነበር የፈለገው።

ጦርነቱ ይህን ያባብሰዋል። ወራት ትምህርት አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም በቂ እንቅልፍ አልነበረም። ስለ ውጫሌ ልጆች የአእምሮ ጤና የተለየ ቁጥር አልጠቅስም፤ ከተፈናቃይ መጠለያ ወይም ከተዘረፈ ቤት ተመልሶ የሚፈተን ልጅ ሐሳቡ የት እንደሚሆን ለማወቅ ቁጥር የሚያስፈልገው ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ጫና ውጤትን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ታች ይገፋል። ሚዛኑ የሚዋልል ቢሆን ደጋግሞ በመፈተን ይስተካከል ነበር፤ ይህኛው ግን ልጁን አሥር ጊዜ ብትፈትነው አሥር ጊዜ ይገፋዋል። እዚህ ላይ «ታዲያ ወደቀ የተባለው ልጅ እውነትም አልተማረም እኮ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ልክ ነው። 40 ያመጣ ልጅ ዛሬ 40 ነው የሚያውቀው ማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ይወጣዋል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ የመግቢያ ፈተና የተፈጠረው ለዚህኛው ነው። ሰላም ባለበት አገር 40 ያመጣና በተኩስ መሐል 40 ያመጣ አንድ ዓይነት ተስፋ አላቸው ብሎ መነሣት፣ ቁጥሩ ያልተናገረውን ማስነገር ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን ስህተቱ የሚጎዳው የወደቀውን ብቻ አለመሆኑም መነገር አለበት። አማካይ በጣም ዝቅ ባለበት አገር ከመስመሩ ትንሽ በላይ ከተገኙት መካከል ብዙዎቹ በዕድል የተደገፉ ናቸው። አሜሪካዊው ትሩማን ኬሊ ያወጣው ስሌት የተማሪን እውነተኛ ውጤት ለመገመት ያየነውን ቁጥር ወደ ቡድኑ አማካይ ትንሽ እንድንስብ ያስገድዳል። አማካዩ ከ700 ወደ 203፣ አስተማማኝነቱ 0.90 ቢሆን፣ 355 ያመጣው የዚያ ምሳሌ ልጅ ግምቱ ወደ 340 ይወርዳል። አልፏል፤ እውነተኛ ውጤቱ ግን ከመስመሩ በታች የመሆኑ ዕድል ያመዝናል። ስታቲስቲክሱ የሚለው ይህን ነው።

ይህ ስሌት ግን አደገኛ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ወደየትኛው ቡድን አማካይ እንሳበው? የልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪን ወደ ትምህርት ቤቱ አማካይ ብንስበው ግምቱ ከፍ ይላል። የአምባሰልን ልጅ ወደ ወረዳዋ አማካይ ብንስባት ይወርዳል። ለትንበያ እንዲህ ወደየራሳቸው ቡድን መሳብ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ለፍትሕ ግን አይሆንም፤ ሁለት ልጆች አንድ ቁጥር አምጥተው አንዷ በሰፈሯ ድህነት ምክንያት ይቀነስባታልና። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለው እርማት ወደ ግለሰብ ውሳኔ እንዲገባ አልመክርም። ስታቲስቲክስ የሚፈቅደው ሁሉ ለሰው አይፈቀድም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በዓለም የሙያው መመዘኛዎች ለዓመታት የሚሉት በአንድ የፈተና ውጤት ብቻ የሰውን ዕድል የሚወስን ውሳኔ እንዳይተላለፍ ነው። እኛ ጋ ሪሚዲያል የሚባለው ማካካሻ ትምህርት ከ2015 ጀምሮ ሲመጣ ብዙ ሰው እንደ ምሕረት ቆጠረው፤ ሌላው ደግሞ ጥራትን እንደ ማላላት። በልኬት ዓይን ግን ሁለቱም አይደለም፤ ከመስመሩ አጠገብ ያለን ልጅ ሁለተኛ ጊዜ መለካት ነው። ሁለት ልኬት ከአንድ ይሻላል፤ በተለይ በመካከሉ የማስተማር ጊዜ ካለ። የተሻለ የሚሆነው የሪሚዲያል መግቢያ ነጥብ ሲቆረጥም የስህተቱ ክልል ተቆጥሮ ቢሆንና በየዓመቱ ለምን እዚያ ላይ እንደቆመ ቢነገር ነው።

ቀሪው ደግሞ ያለ ተጨማሪ በጀት የሚሠራ ነው። ፍሬድሪክ ኩደርና ማሪዮን ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጡት ቀመር፣ ፈተናውን ሳይደግሙ ከአንድ ጊዜ ውጤት ብቻ አስተማማኝነቱን ማስላት ይቻላል። የሚፈልገው እያንዳንዱ ተማሪ በእያንዳንዱ ጥያቄ አግኝቷል ወይስ ስቷል የሚለውን መረጃ ነው። ይህ መረጃ የመልስ ወረቀቱ በማሽን ሲነበብ የሚገኝ ስለሆነ በፈተናዎች አገልግሎቱ እጅ አለ። ለየትምህርቱ፣ ለየክልሉ፣ ከተቻለም ለየዙሩ ተለይቶ ቢሰላ፣ ቁጥሩ በውጫሌና በአዲስ አበባ እኩል ይታመናል ወይስ አይታመንም የሚለው ግምት መሆኑ ይቀራል። አንዴ ከተሰላ ደግሞ ካርዱ ላይ ማስፈር ብዙ ቦታ አይወስድም፦ ሒሳብ 47፣ ከ41 እስከ 53።